ሱክር ያልተቀበላት

ሉሊ ከክሊኒክ በተመለሰች በማግስቱ ዘሊካ ደወለችልኝ።

"ሥራህን ስትጨርስ ና። አንዱ አንዱን ሳይገድል አይቀርም" አለች።

ያወራችው ስለ ድመቶች ነበር። ዘሊካ ካርቱም፣ አርካዊት በሚባለው ሰፈር በአንዲት ሱዳናዊት ባልቴት ቤት የምትሠራ የከሚሴ ልጅ ናት። አሠሪዋን ሰው ሁሉ ሐጃ ኢቅባል ይላቸዋል። ሐጃ በዚያ ሰሞን፣ በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ዓይናቸውን ለመታከም ዮርዳኖስ፣ አማን ሄደው ነበር። ቤቱን ከነሁለት ድመቶቹ ለዘሊካ ትተውላታል፤ ሱክር የሚባለው ነጭ ወንድ፣ ሉሊ የምትባለው ግራጫ ሴት። ሉሊ እንዳትወልድ የሚያደርገውን ኦፕራሲዮን በሌሉበት እንድታሠራላት አዘዋት ነው የሄዱት።

እኔ ጎንደር በእንስሳት ጤና ዲግሪ ይዤ ካርቱም ውስጥ በአንድ ክሊኒክ በረዳትነት እሠራለሁ። ውሻ እይዛለሁ፣ ኬጅ አጥባለሁ፣ ዶክተሩ የጻፈውን ወረቀት ይዤ እንስሳቱን ለባለቤቶቻቸው አስረክባለሁ። ሉሊንም ለዘሊካ ያስረከብኳት እኔ ነበርኩ።

ስደርስ ሱክር የመኝታ ክፍሉ በር ፊት ተቀምጧል። በሩ ዝግ ነው። ጅራቱን እግሩ ላይ ጠቅልሎ፣ ጆሮውን ወደ ፊት አቁሞ፣ በበሩ ግርጌ ያለችውን ቀጭን ክፍተት ያያል። አጠገቡ ሳልፍ ዘወር ብሎ እንኳ አላየኝም።

"ከትናንት ማታ ጀምሮ እንደዚህ ነው" አለች ዘሊካ። "ውሃም አልነካ።"

"ይጮሃል?"

"ቢጮህ ጥሩ ነበር። ዝም ብሎ ነው የሚጠብቃት።"

ክፍሉ ውስጥ ገባን። ግራጫዋ ድመት አልጋው ሥር፣ ግድግዳውን ተጠግታ ተኝታለች። አንገቷ ላይ ስፌቷን እንዳትልስ ያሰርንላት ፕላስቲክ አለ። ግንባሯ ላይ አዲስ ጭረት ይታያል፤ ሱክር ገና ከመጣችበት ሣጥን እንደወጣች ነው የቧጨራት። ጎንበስ ብዬ ስፌቷን አየሁ። ደህና ነበር። ቀና ስል ዘሊካ ከበሩ አልተነቃነቀችም።

"ናሆም፣ ይቺ ሉሊ አይደለችም" አለች።

"እንዴት?"

"አይደለችም አልኩህ። ሉሊ ውሃ የምትጠጣበትን ታውቃለች። ይቺ ከአበባው ማሰሮ ሥር ያለውን ቆሻሻ ነው የጠጣችው። ሉሊ ስጠራት ጆሮዋን ታዞራለች። ይቺ እጄን ነው የምታየው፤ ምን እንደያዝኩ።"

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሰው እንስሳው ከክሊኒክ ሲመለስ ተለውጦ ያገኘዋል። ማደንዘዣው ሁለት ቀን ያህል ያደነዝዛል፤ ሕመሙም ጠባይ ይለውጣል። ስለዚህ በትዕግሥት አስረዳኋት። ድመት ዘመዱን የሚያውቀው በአፍንጫው ነው፤ ሉሊ መድኃኒትና የሌላ እንስሳ ሽታ ይዛ ስለገባች ለሱክር ባዕድ ሆናለች፤ ሽታው ሲለቃት ይታረቃሉ አልኳት።

"እሱ በአፍንጫው ይወቅ" አለች። "እኔ ግን በዓይኔ ነው የማውቃት።"

"ዓይንሽ እንቅልፍ አጥቷል።"

"እሺ ዶክተር" አለችኝ። ስትቀልድብኝ ዶክተር ነበር የምትለኝ። ያን ቀን ግን ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ከእኛ በቀር በቤቱ ሰው ባይኖርም።

"የመጪው ሳምንት ሐሙስ ሐጃ ይመጣሉ። ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? ቤቴን እንደተውኩት ካገኘሁት ፓስፖርትሽን ከነመውጫ ቪዛው በእጅሽ እሰጥሻለሁ አሉኝ። አርብ ንጋት ላይ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባት የሚሄድ አውቶቡስ አለ። የፋጤ አባት ሰኞ ልጄን ይዞ ጅቡቲ ይገባል። ከዚያ በኋላ የት አገኛታለሁ?"

ፋጤ ስድስት ዓመቷ ነው። ዘሊካ ትታት ስትመጣ ሁለት ዓመቷ ነበር።

"እስከ ሐሙስ ይታረቃሉ" አልኩ። "ያላንዳች ጥርጥር።"

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ከሥራ በኋላ በየቀኑ እየሄድኩ የማውቀውን ሁሉ አደረግኩ። መጀመሪያ ጨርሶ እንዳይተያዩ ለየናቸው። ሱክር የተኛበትን ጨርቅ ወደ ክፍሉ፣ የእሷን ወደ ሳሎን አዘዋወርን። በአንድ ፎጣ ሁለቱንም አሸሁ፤ አንገታቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ የጅራታቸውን ሥር፤ አንድ ዓይነት ሽታ እንዲኖራቸው። ከበሩ ወዲህና ወዲያ ሰርዲን አስቀመጥን፤ በመጀመሪያ ከበሩ ራቅ አድርገን፣ ከዚያ በየቀኑ አንድ ስንዝር እያቀረብን። አንዱ የሌላውን ሽታ ከምግብ ጋር እንዲያገናኝ ነው።

ግራጫዋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳታኝክ ትውጥ ነበር። ሱክር ግን ጨርቁ ላይ ሸና። ሰርዲኑን ትቶ በሩን ያያል። ሦስተኛው ቀን ላይ ጀርባው መክሳቱ በእጅ ይታወቅ ጀመር። ኩላሊቱ እንዳይጎዳ ውሃ በስሪንጅ አጠጣሁት፤ እየዋጠም ዓይኑን ከበሩ አላነሳም።

ሐጃ በየማታው በዋትስአፕ ይደውሉ ነበር። አንድ ቀን እዚያው እያለሁ ደወሉ።

"ሉሊ እንዴት ናት?" ሲሉ ይሰማኛል።

"ደህና ናት ሐጃ፣ አልሐምዱሊላህ" አለች ዘሊካ፤ ዓይኗን እኔ ላይ አድርጋ። "በላች፣ ተኝታለች።"

"አሳዪኝ።"

"ክፍሉ ጨለማ ነው፤ መብራት ሄዷል።"

ራሳችን ላይ ቬንቲሌተሩ እየዞረ ነበር። የዋሸችው ሐጃን ላለማስጨነቅ ነው ብዬ አሰብኩ።

በአምስተኛው ቀን ሱክር በላ። በስድስተኛው፣ ማክሰኞ፣ በሩን በእጅ ስፋት ከፈትነው፤ በክፍተቱ አፍንጫ ለአፍንጫ ተነካኩ። ሱክር አንዴ አጉረመረመና ተወው። ረቡዕ እዚያው ሆሹ ላይ፣ በግቢው መሐል፣ ከአንድ ሰሃን በሉ። እኔ በጣም ደስ አለኝ። ዘሊካ ግን ክንዷን አጣምራ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ታያቸው ነበር።

"አየሽ?" አልኳት።

"አየሁ" አለች። "ለመዳት።"

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ክሊኒኩ ውስጥ ዶክተሩ "ሁለተኛው ኬጅ ያለውን ውሻ አምጣልኝ" አለኝ። ስድስት ኬጆች አሉን፣ በአንድ መደዳ። ቁጥራቸው ቀለም በተቀቡ ጊዜ ጠፍቶ ገና አልተጻፈም። ሄጄ ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ ባዶ ነበር።

"ሁለተኛው ነው ያልኩህ" አለ ዶክተሩ ከኋላዬ መጥቶ። "እሱ አምስተኛው ነው።"

ከቀኝ ነበር የሚቆጥረው። ጽሑፉ ከቀኝ ይጀምራል፣ ቆጠራውም ከቀኝ ይጀምራል፤ እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ ፊደል ከቆጠርኩበት ቀን ጀምሮ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከግራ ነው። ኬጆቹ ከተቀቡ ወዲህ የማላውቃቸውን እንስሳት በቁጥር ብቻ ለይቼ ያስረከብኩት አንድ ቀን ነበር፤ ሉሊን የሰጠሁበት። የዚያን ቀን ወረቀት ከመሳቢያው አውጥቼ አነበብኩ። ኬጅ ሁለት፣ የአርካዊቷ ሐጃ ድመት። ኬጅ አምስት፣ የቡሪ የመንገድ ድመት፤ ወደተያዘችበት ትመለስ።

ሁለቱም ግራጫ ሴቶች ነበሩ። ሁለቱም በአንድ ጠዋት፣ እኔ ገና ሥራ ሳልገባ ነው የመጡት። ሁለቱም ሆዳቸው ተላጭቶ፣ ፕላስቲክ አንገታቸው ላይ ታስሮ ደንዝዘው ነበር። አንድ የቡሪ ሰው ነው የሰፈሩን ድመቶች በራሱ ገንዘብ የሚያሳክመው። የእሱ ናት ያልኳትን ድመት በረክሻ፣ ማለትም በባጃጅ፣ ወስጄ፣ ፕላስቲኩን ፈትቼ፣ እሱ ባሳየኝ በአንድ የተዘጋ ዳቦ ቤት ግድግዳ ሥር ለቅቄያታለሁ። አልሄድ ብላኝ ነበር። ረክሻዋ ጎማ አጠገብ ተቀምጣ ሽቅብ አየችኝ። እንዳትጨፈለቅ ብዬ መሬቱን በእግሬ ረገጥኩና አባረርኳት።

ለዶክተሩ ምንም ሳልል ወጣሁ። አርካዊት እስክደርስ ከደቡብ በኩል ሰማዩ የጡብ ቀለም ይዞ ነበር፤ ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሊመጣ ነው።

ዘሊካ ወለል ታጥባለች። ነገርኳት። ከጎነበሰችበት ሳትነሳ ጨመቅ አድርጋ ጨርቁን ባልዲ ውስጥ ጣለችው።

"የነገርኩህ መጀመሪያ ቀን ነው" አለች።

"አዎ።"

"ሽታ ነው አልከኝ።"

"አዎ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁኑኑ ቡሪ ሄጄ..."

"የትም አትሄድም። ሐጃ አሥር ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ድመቶቹ ሲበሉ ታሳያቸዋለህ። ፓስፖርቴን ይሰጡኛል። ነገ ማታ መተማን ስሻገር እደውልልሃለሁ። ከዚያ ሄደህ ንገራቸው፤ ከፈለግክ ደግሞ ተንበርከክ።"

"ድመቷ መንገድ ላይ ናት፣ ዘሊካ። ስፌት አላት።"

"ልጄስ የት ናት?"

 ነገሩን በሁለት በኩል መዘንኩት። የአንድ ቀን ዝምታ ሐጃን አይጎዳም፤ ለዘሊካ ግን የልጇ ጉዳይ ነው። ድመቷ ስምንት ቀን ከኖረች አንድ ቀን ትጨምራለች። እሺ አልኳት። በዚያ ሰዓት ትክክለኛ ፍርድ መስሎኝ ነበር።

ሐጃ ደረሱ። የወንድማቸው ልጅ ሻንጣውን አስገብቶ ሄደ። ግራ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል፤ በቀኙ ብዙም አያዩም። ሆሹ ላይ በገመድ በተሠራው አልጋ፣ በአንገረቡ ላይ ተቀመጡና የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ዘሊካ እግራቸውን አጠበች። እሳቸውም ቦርሳውን ከፍተው ፓስፖርቱን አወጡ፤ ቪዛው የተለጠፈበት ገጽ ላይ ወረቀት ተሰክቷል። አልጋው ላይ፣ እጃቸው ሥር አስቀመጡት።

"ቃሌ ቃል ነው" አሉ። "ሻይ አምጪልንና ትወስጂዋለሽ። ድመቶቼስ?"

ሱክር ድምፃቸውን ሲሰማ ሮጦ መጣና ጭናቸው ላይ ወጣ። ሁለተኛዋ ሰሃኑ አጠገብ ቀረች።

"ሉሊ" አሉ ሐጃ። "ሉሊ፣ ነይ የኔ ፀሐይ።"

ጆሮዋ አልተነቃነቀም። እኔ አንሥቼ አመጣኋት። ሐጃ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ ሲያሳርፉ ተኮማተረች፤ ወደ ሆዷ ሲወርዱ ደግሞ ነክሳቸው ወደ ግድግዳው ሸሸች። ሐጃ ጣታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ዘሊካ ኩሽና ውስጥ ነበረች።

"ያ ወለዲ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ በዝግታ፣ ኩሽና እንዳይሰማ። "ይቺ ድመት እጄ ላይ ነው ያደገችው። ከቤቱ ሰው እጅ የሚሸሽ እንስሳ የተመታ እንስሳ ነው። እኔ ስሄድ እዚህ ቤት የነበረችው አንዲት ሴት ብቻ ናት።"

"ሐጃ፣ እንደሱ አይደለም።"

"ለእሷ አታድላ። የአገርህ ልጅ ስለሆነች ነው። በየቀኑ ስጠይቃት ጨለማ ነው፣ ተኝታለች ትለኝ ነበር። አሁን ገባኝ።" ፓስፖርቱን አንሥተው ወደ ቦርሳው መለሱት። "ነገ አትሄድም። መጀመሪያ አጣራለሁ።"

ዝም ብል ዘሊካ ባልሠራችው ነገር ልትቀር ነው። ብናገር ደግሞ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ለማሰብ የነበረኝ ጊዜ ሻይ እስኪፈላ ነበር።

"ዘሊካ ድመት አልመታችም" አልኩ። "ይቺ ሉሊ አይደለችም።"

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኬጆቹን፣ ቆጠራዬን፣ ቡሪን፣ ዳቦ ቤቱን።  ሱክር ጭናቸው ላይ ዓይኑን ጨፍኗል። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"እሷስ ታውቅ ነበር?"

ዋሽቼ አላውቅም ማለቴ አይደለም። ግን ያን ጊዜ ውሸቱ ተዘጋጅቶ አልመጣልኝም፤ ዘገየሁ። መልሱ የመጣው ከኋላዬ ነው።

"አውቅ ነበር" አለች ዘሊካ። የሻዩን ትሪ ይዛ ቆማለች። "ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ለእሱም ነግሬው ነበር። እሱ የተማረ ነው፤ ሽታ ነው አለኝ።"

"ለእኔስ?" አሉ ሐጃ።

ዘሊካ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ስምንት ቀን ደወልኩልሽ፣ ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ። በመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ የወንድሜን ልጅ ልኬ ከቡሪ አስመጣት ነበር።"

"ፈራሁ።"

"ምን ፈራሽ?"

ዘሊካ ቦርሳውን አየች። ሐጃም ዓይኗ ወዴት እንደሄደ በዚያ ደካማ ዓይናቸው ሳያዩ አልቀሩም። ቦርሳውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ሲናገሩ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

"አልሰረቃችሁም። ይህን አምናለሁ። ነገር ግን እኔ ያንቺን ዕቃ ይዤ እንዲህ ስጠብቅ አንቺ የእኔን አልጠበቅሽም። ሂዱና ድመቴን አምጡ። እሷ በዚህ በር ስትገባ ፓስፖርቱ በዚህ በር ይወጣል። ኸላስ፣ አለቀ።"

ባዶውን የድመት ሣጥን ይዘን በረክሻ ወጣን።  ቡሪ ሳንደርስ ዘሊካ "ለምን ነገርካቸው?" አለች።

"መታቻት አሉ። ሊያስቀሩሽ ነበር።"

"አሁንስ?"

ረክሻው ፈጠነ። ሹፌሩ ሃቡቡ ሳይደርስበት መመለስ ፈልጎ ነበር። ቡሪ አውርዶን ሂሳቡን ሳይቆጥር ኪሱ ከተተና ዞረ። የአቧራው ግድግዳ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ይታያል፤ ከሥሩ ጠቁሯል፣ ድምፅ የለውም። ሰው በየቤቱ በርና መስኮት ይዘጋል።

የተዘጋው ዳቦ ቤት አጠገብ አንዲት ሻይ ሻጭ በርጩማዎቿን ትደራርባለች። ዘሊካ ቀድማኝ ሄዳ ሰላም አለቻት፤ አረብኛዋ ከእኔ የተሻለ ነው። ግራጫ ድመት፣ ሆዷ የተላጨ፣ አየሽ ወይ አለቻት።

"የምታለቅሰዋን ነው?" አለች ሴትዮዋ። "አየኋት እንጂ። ሦስት ቀን እዚያ ግድግዳ ሥር ተቀመጠች። ረክሻ ባለፈ ቁጥር ትነሳለች። ወተት ሰጠኋት፤ ሌሎቹ ድመቶች ግን አላስጠጉዋትም፤ ደበደቡዋት።"

"ከዚያስ?"

"እሁድ ሰዎች መጥተው ለውሾች ሥጋ በተኑ። መርዝ ያለበት።" በርጩማዎቹን በገመድ ጠፍራ አሰረች። "ከዚያ ወዲህ እዚህ መንገድ ላይ ውሻም የለ፣ ድመትም የለ።"

ዙሪያዬን አየሁ። እውነቷን ነበር። ቡሪን ያህል ሰፈር፣ ከግድግዳ ላይ የሚያይ አንድ ድመት እንኳ አልነበረም።

"ሞታ አየሻት?" አለች ዘሊካ።

"እሷን? አላየኋትም። የሞቱትን በጋሪ ነው የወሰዱዋቸው፤ ብዙ ነበሩ።"

"ሞታ አላየሻትም።"

"አላየሁም እኅቴ። ማሊሽ፣ አዝናለሁ። ግቡ፣ ቤት ግቡ፤ እየመጣ ነው።" በርጩማዎቿን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሮጠች።

ዘሊካ ሣጥኑን ከእጄ ወሰደች። ግድግዳው ሥር መሬት ላይ አስቀምጣ በሩን ከፈተችው። የሰርዲን ቆርቆሮ ከቦርሳዋ አውጥታ በጥርሷ ቀለበቱን ሳበችና ከፈተችው። ሣጥኑ አፍ ላይ አደረገችው፤ ዘይቱ ጣቶቿ ላይ ፈሰሰ።

"ጥራት" አለችኝ።

"ዘሊካ፣ በዚህ አቧራ..."

"እዚህ ያመጣሃት አንተ ነህ። ድምፅህን ታውቀዋለች። ጥራት።"

ጠራኋት። የመጀመሪያው ነፋስ ሲመታን የዳቦ ቤቱ ቆርቆሮ በር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከመንገዱ ጫፍ መብራቶቹ አንድ በአንድ ጠፉ። እንደገና ጠራሁ፤ አፌ በአፈር ተሞላ። የማላውቀውን ነገር መንገር አልፈልግም፤ በዚያ ሰዓት በአቧራው ውስጥ አንድ ነገር በግድግዳው ጥግ ሲያልፍ ያየሁ መሰለኝ፤ ዝቅተኛ፣ ግራጫ። ግን ሁሉም ነገር ግራጫ ሆኖ ነበር።

ስልኳ ጮኸ። ሐጃ ነበሩ። ዘሊካ አየችውና መልሳ ኪሷ ከተተችው፤ እንደገናም ጮኸ። የሻርፗን ጫፍ በአፍንጫዋ ላይ አስራ ሣጥኑ አጠገብ ቁጢጥ አለች። እጇን፣ ዘይት የነካውን፣ ወደ ጨለማው ዘረጋች። አውቶቡሱ ሊነሳ አሥር ሰዓት ያህል ቀርቶታል።

"ጥራት እንጂ" አለች።